ድረ ገጹ ያትምልዎታል እንጂ አይሸጥልዎትም

ጥያቄ፦ «በውሃ ቀለምና በአክሪሊክ የምሥል ሠዓሊ ነኝ። ስልሳ ያህል ሥዕሎቼን በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ሲታዘዝ እያተሙ ከሚልኩት ድረ ገጾች በአንዱ ላይ ጫንኋቸው። እያንዳንዱ ሥዕል ድረ ገጹ በሚያቀርባቸው ዕቃዎች ሁሉ ላይ፣ ከፖስተር እስከ ካልሲ፣ እንዲወጣ አደረግሁ። ይኸው አምስት ወር ሞላኝ። የተሸጠልኝ ሁለት ተለጣፊ ብቻ ነው፤ አንዱንም የገዛችው እህቴ ናት። ድረ ገጹን ልቀይር? ለሠዓሊ የሚሻለውስ የትኛው ነው?»

ምላሽ፦ አሁን አይቀይሩ። እነዚያኑ ስልሳ ፎቶዎች ይዘው ወደ ሌላ ቢሄዱ ከድጡ ወደ ማጡ ነው የሚሆነው። ሥራዬ የሠዓሊዎችን ሥዕል ለህትመት ማዘጋጀት ነው፤ እንደ እርስዎ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ በመጀመሪያ ላየው የምፈልገው ፋይሉን ነው፤ የድረ ገጹ ስም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ምክንያቱን እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ንግዱ አሠራር ጥቂት ልበል፤ አብዛኛው ቅሬታ የሚመነጨው ከዚያ ነውና።

ሠዓሊው ምስሉን ይጭናል። ገዢ ሲያዝ ድርጅቱ ያንኑ አንድ ዕቃ ያትማል፣ ያሽጋል፣ ይልካል፤ ዕቃው ተበላሽቶ ቢደርስም ይተካል። ሠዓሊው ድርሻውን ይቀበላል። ማንም ዕቃ ገዝቶ አላከማቸም፣ የመጋዘን ኪራይም አልከፈለም። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ያለ መነሻ ካፒታል መጀመር ይቻላል። ጉዳቱም እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። በእርስዎ ሥዕል ላይ ማንም ገንዘቡን ስላላወጣ፣ ሥዕልዎ ስላልተሸጠ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው የለም። ሁለት መቶ ቅጂ በራሱ ወጪ ያሳተመ ነጋዴ ቅጂዎቹን ለመሸጥ ይሯሯጣል። ድረ ገጹ ግን ከሚሊዮን ምስሎች መካከል የትኛውም ቢሸጥለት ትርፉ ያው ነው። ስለዚህ ማተሙንና መላኩን ይሠራልዎታል፤ ሰው መጥቶ እንዲያይ፣ አይቶም እንዲመርጥ የማድረጉ ሥራ ግን ከእርስዎ ጋር ይቀራል።

ድረ ገጾቹ በሁለት ይከፈላሉ። ለየትኛው እንደሚመዘገቡ ከመወሰንዎ በፊት ልዩነቱን ማወቅ አለብዎት። የመጀመሪያዎቹ የራሳቸው ገዢ ያላቸው ገበያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያዋ ሜልበርን የተመሠረተው ሬድበብል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በሬድበብል የተገዛው ቲፐብሊክ፣ ዛዝል፣ ፋይን አርት አሜሪካ፣ በብረት ላይ በሚታተሙ ፖስተሮች የሚታወቀው የፖላንዱ ዲስፕሌት፣ ለጨርቅና ለግድግዳ ወረቀት ንድፎች የሚሆነው ስፑንፍላወር፣ የአማዞን የህትመት ክፍልም ጭምር ከእነዚህ ይመደባሉ። ገዢው የእነርሱ ደንበኛ ነው። ማን እንደገዛልዎት አያውቁም፤ አድራሻውንም አይሰጡዎትም። በምትኩ ግን በመፈለጊያ ሳጥኑ ፊት የተቀመጠ ብዙ ሰው አለ፤ ከዚያ ሰው ውስጥ ጥቂቱ ወደ እርስዎ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛዎቹ ማተሚያ ቤቶች ብቻ ናቸው። ፕሪንትፉል፣ ፕሪንቲፋይና የኖርዌዩ ጌላቶ እንዲህ ናቸው። የሚመጣላቸው ገዢ የለም፤ ሱቁን እርስዎ በሾፒፋይ ወይም በመሰል መድረክ ላይ ይከፍታሉ፣ ትዕዛዝ ሲመጣ እነርሱ አትመው በሱቅዎ ስም ይልካሉ። ዋጋውን የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት፣ የገዢውም ኢሜይል በእጅዎ ነው። ጎብኚ የማምጣቱ፣ የደንበኛ ቅሬታ የመስማቱ፣ በብዙ አገርም የሽያጭ ታክሱን የመከታተሉ ዕዳ ግን እርስዎ ላይ ይወድቃል። ኤትሲ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። ራሱ ገበያ ነው፤ ዕቃውን ግን የሚያትመው ሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚያትምልዎትን ድርጅት በገጽዎ ላይ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ስማቸው የማይታወቅ ሠዓሊዎች በመጀመሪያው ዓይነት ቢጀምሩ እመርጣለሁ። ጎብኚ የሌለው የራስ ሱቅ ከፍቶ ወርኃዊ ክፍያ መክፈል ትርፍ የለውም። ግን በተከራዩት መደብ ላይ ቤት አይሠራም። ሬድበብል እ.ኤ.አ. በ2023 አካውንቶችን በደረጃ ከፍሎ በዝቅተኛው ደረጃ ካሉ ሠዓሊዎች ገቢ ላይ ክፍያ መቁረጥ ሲጀምር፣ ዓመታት የደከሙበትን ሁሉ እዚያ ብቻ ያከማቹ ሰዎች ምርጫ አልነበራቸውም። ደንቡ የእነርሱ ነው፤ በፈለጉ ጊዜ ይለውጡታል። መውጫ መንገዱን አስቀድሞ ማበጀት የሠዓሊው ሥራ ነው፤ ወደዚያ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ፋይሉ። በስልክ አንስቼ ብለዋል። ብዙ ሰው ችግሩ የፒክስል ቁጥር ይመስለዋል፤ ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። 12 ሜጋፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ያህል አለው። በእጅ ተይዞ ለሚታይ ህትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይፈለጋል፤ ስለዚህ ይህ ፎቶ ወደ 34 በ25 ሳንቲ ሜትር በደህና ይታተማል። በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ራቅ ብሎ ለሚታይ ሥዕል 150 ስለሚበቃ መጠኑ በእጥፍ ያድጋል። በቁጥሩ ብቻ ከሄድን ስልኩ ለትንሽ ፖስተር አያንስም። የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው። የስልክ ሌንስ ሰፊ ማዕዘን ስላለው የሸራውን ጠርዝ ያጎብጣል፤ የስልኩ ፕሮግራም ሳይጠየቅ መስመሮችን ያሾላል፣ ቀለም ያደምቃል፤ ክፍሉ ደብዘዝ ካለ ደግሞ ጥላው በጠጠር የተሞላ ይመስላል። ይህ ሁሉ በስልኩ ትንሽ መስታወት ላይ አይታይም። ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሲታተም ግን ይታያል፤ ገዢውም ዕቃውን የሚመልሰው ያኔ ነው።

የውሃ ቀለሞችዎን ስካን ያድርጉ። ተራ የቢሮ ስካነር በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ አንድ የኤ4 ወረቀት ሲያነብ ወደ 4960 በ7016 ፒክስል ይሰጣል፤ በ300 ሲታተም የወረቀቱ ርዝመትም ስፋትም እጥፍ ይሆናል፣ ማለትም እስከ ኤ2። ሥዕሉ ከስካነሩ መስታወት ከበለጠ ጠርዝ ለጠርዝ ደራርበው በከፊል በከፊል ያንብቡትና በምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ያገጣጥሙት። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ስካነር በጣም የሳሳውን ቀለም፣ ከወረቀቱ ነጭ ብዙም የማይለየውን፣ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ብሩህነቱን ዝቅ አድርገው ያንብቡና በኋላ እያዩ ያንሡት። ሌላው፣ የስካነር ብርሃን ከአንድ ወገን ስለሚመጣ የሻካራውን ወረቀት ጉድጓድና ጉብታ ያጋንናል። ወረቀቱን አዙረው ደግመው ቢያነቡት ጥላው በሌላ በኩል ይወድቃል፤ ከሁለቱ የተሻለውን ይመርጣሉ።

አክሪሊኩ ግን መነሣት ያለበት በካሜራ ነው፤ ቢቻል ቫርኒሽ ሳይቀቡት። ቫርኒሽ ካረፈ በኋላ ነጸብራቁን ማጥፋት ራሱን የቻለ ትግል ነው። ሸራውን በግድግዳ ላይ ቀጥ አድርገው ይስቀሉ፤ አንድ ዓይነት ሁለት መብራቶችን ግራና ቀኝ በእኩል ርቀት፣ ከሸራው ጋር 45 ዲግሪ ያህል አድርገው ያቁሙ። የመስኮት ብርሃን ከመብራቱ ጋር አይቀላቀል፤ ሁለት ዓይነት ብርሃን ያረፈበትን ሸራ ቀለም ማንም በኋላ አያቃናውም። መብራት ከሌለዎት ደመናማ ቀን ላይ ከቤት ውጭ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ቦታ ያንሡ፤ ውጤቱ ከብዙ የቤት ውስጥ መብራት ይበልጣል። ካሜራው በሸራው መሐል ትይዩ፣ በማቆሚያ ላይ፣ ጥቂት ሜትር ርቆ በጠባብ ማዕዘን ሌንስ ይሁን። የብርሃን ስሜቱ፣ አይኤስኦ የሚባለው፣ በዝቅተኛው ላይ ይቀመጥ። ከሥዕሉ ጎን ግራጫ ካርድ አስቀምጠው አንድ ፎቶ ይጨምሩ፤ በኋላ ቀለሙን የሚያስተካክሉት በእርሱ ነው።

ሲያስተካክሉ የኮምፒውተርዎን ብሩህነት ዝቅ ያድርጉ። «ህትመቱ ጨለመብኝ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከማተሚያው ሳይሆን እንደ ፋና ከሚያበራ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ከሠራ ሰው ነው። ስክሪን ራሱ ብርሃን ይሰጣል፤ ወረቀት ግን ያረፈበትን ብቻ ይመልሳል። ደማቅ ኤሌክትሪክ ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴና ጋለ ያለ ብርቱካናማ ወደ ማተሚያ ቀለም ሲለወጡ ይደበዝዛሉ፤ ይህን የሚያድን ድረ ገጽ የለም። ፋይሉን በኤስአርጂቢ፣ ስክሪኖች በሚጠቀሙበት የቀለም ሥርዓት፣ ያስቀምጡ። ብዙዎቹ ድረ ገጾች የሚጠብቁት እርሱን ነው፤ ለማተሚያው የሚስማማውን ለውጥ ራሳቸው ይሠራሉ። ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም የማተሚያዎች የቀለም ሥርዓት፣ አድርገው ቢልኩት ሁለት ጊዜ ተለውጦ ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው፣ በእኔ ግምት ሽያጭዎን ይበልጥ የጎዳው ነገር ነው፦ አንዱን ሥዕል በሁሉም ዕቃ ላይ ማውጣትዎ። ስልሳ ሥዕል በሰባ ዕቃ ሲባዛ አራት ሺህ ሁለት መቶ ይሆናል። ትልቅ ሱቅ ይመስላል፤ ግን የእንቧይ ካብ ነው። ማንም ተቀምጦ አንድ በአንድ አላያቸውም፤ እርስዎም አላዩዋቸውም። በወርድ የተሠራ ሥዕል በስልክ ሽፋን ላይ ሲወጣ ግማሹ ይቆረጣል። የሰው ፊት በካልሲ ላይ ተረከዝ ይሆናል። ገዢ ወደ ገጽዎ ገብቶ ይህን ካየ፣ ጥሩውን ፖስተር ሳይደርስበት ይወጣል።

የህትመት ዘዴዎቹ የሚፈቅዱትንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለውሃ ቀለም ሠዓሊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጥቁር ቲሸርት ላይ በቀጥታ የሚያትመው መሣሪያ ቀለሙ እንዲታይ አስቀድሞ ነጭ ቀለም ከሥር ያነጥፋል። የውሃ ቀለም ውበቱ ደግሞ ጠርዙ ቀስ እያለ ወደ ምንም መሟሟቱ ነው። ያ የሚሟሟው ጠርዝ ነጭ ንጣፉ ላይ ሲያርፍ እንደ ቆሸሸ ዱቄት ሆኖ ይታያል። በነጭ ቲሸርትም ላይ ቢሆን የወረቀቱን ዳራ ሳያነሡ ከላኩ፣ በደረት ላይ ግራጫማ አራት ማዕዘን ይታተማል። ስለዚህ ለልብስ የሚሆነው ምስሉ ብቻ ተቆርጦ ዳራው ባዶ (ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ) የሆነ፣ ጠርዙ የጠራ ፋይል ነው። አማዞን ለቲሸርት የሚጠይቀው 4500 በ5400 ፒክስል ፒኤንጂ የዚህ ጥሩ መለኪያ ነው። ኩባያ በሙቀት በሚተላለፍ ቀለም ይታተማል፤ ይህ ዘዴ ነጭ ቀለም የለውም፣ ነጩ የኩባያው ገጽ ነው። ለዚህ ነው የሳሳ የውሃ ቀለም በነጭ ኩባያ ላይ የሚያምረው። ያው ዘዴ በጥጥ ላይ አይይዝም፤ ፖሊስተር ይፈልጋል።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተው ለእርስዎ ሥራ የሚስማማው ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። የውሃ ቀለሞቹ በማት፣ ማለትም በማያብረቀርቅ፣ የሥዕል ወረቀት፣ በሰላምታ ካርድና በኩባያ ላይ፤ አክሪሊኮቹ በወረቀትና በሸራ ላይ። ሌላውን ሁሉ ያጥፉት። ከስልሳዎቹም ዐሥራ ሁለት ይምረጡ፤ በዘፈቀደ ሳይሆን ጎን ለጎን ቢሰቀሉ አንድ ቤተሰብ የሚመስሉትን። የግድግዳ ሥዕል የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት አብሮ ይፈልጋል፤ ብቻዋን የቆመች ቆንጆ ሥዕል ጓደኛ ስለሌላት የምትታለፍበት ጊዜ አለ። ከዚያ አንዷን ለራስዎ ያዝዙ። ሠዓሊው ራሱ ሲያዝ ቅናሽ የሚያደርጉ ድረ ገጾች አሉ። በእጅዎ ይዘው ያላዩትን ዕቃ በስምዎ መሸጥ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በስምዎ ቁማር መጫወት ነው።

ስለ ዋጋ የሚነገረው ሁሉ በመቶኛ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የምን መቶኛ?» መሆን አለበት። የአንድ ፖስተር መነሻ ዋጋ 20 ዶላር ነው እንበል። እርስዎ 20 በመቶ ጭማሪ ቢያደርጉ ዋጋው 24 ይሆናል፤ ድርሻዎ 4 ዶላር ነው። ይህ ከመሸጫ ዋጋው 17 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሌላው ድረ ገጽ «ከሽያጩ 20 በመቶ» ቢል በዚያው 24 ዶላር 4.80 ያገኛሉ። ሁለቱም በማስታወቂያቸው ላይ 20 የሚል ቁጥር ይጽፋሉ። ቅናሽ ሲደረግስ? በአንዳንዱ ቦታ ቅናሹ ከድረ ገጹ ኪስ ይወጣል፤ በአንዳንዱ ከእርስዎ ድርሻም ይቀነሳል። ከመጫንዎ በፊት ይህችን አንቀጽ ከውሉ ፈልገው ያንብቡ። ሌላውን ሁሉ ባያነቡ እንኳ።

በራስ ሱቅ ሒሳቡ ይለያል። ማተሚያው ለህትመቱ 12፣ ለመላኪያ 5 ዶላር ቢያስከፍልና እርስዎ መላኪያውን ጨምረው በ30 ዶላር ቢሸጡ 13 ይተርፋል። በኤትሲ ከሆነ ከ30 ዶላሩ 6.5 በመቶ ማለትም 1.95፣ ዕቃውን ለማስቀመጥ በየአራት ወሩ 20 ሳንቲም፣ ለክፍያ አገልግሎቱም አንድ ዶላር ያህል ይሄዳል፤ ከዘጠኝ ተኩል እስከ ዐሥር ዶላር ይቀራል። ከአራት ዶላር ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው፤ ማስታወቂያ ካልከፈሉ። ማስታወቂያ ከከፈሉ ግን አንድ ገዢ ለማምጣት ከዐሥር ዶላር በላይ ሊወጣ ስለሚችል ያ ትርፍ ሳይታይ ይጠፋል።

ዋጋ ስለ መቀነስም ይጠይቁኛል። አልመክርም። ከታች ያለው ሠፈር የተያዘው በብዙ ሺህ በሚያትሙና በእያንዳንዱ ላይ ሳንቲም በሚያተርፉ ሰዎች ነው፤ ሠዓሊ እዚያ ገብቶ አያሸንፍም። ለግድግዳው ሥዕል የሚፈልግ ሰው ሦስት ዶላር ስለተቀነሰለት አይገዛም። የህትመቱ ጥራት፣ ወረቀቱና ሠዓሊው የሚታመኑ ከመሰሉት ይገዛል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ፣ ሠዓሊዎች የሚያምታቱት አንድ ጉዳይ አለ። ሲታዘዝ የሚታተም ሥዕል ቁጥሩ ያልተወሰነ ነው፤ ሺህ ሰው ቢያዝ ሺህ ይታተማል፤ ፊርማዎም የለበትም። «ውስን ቅጂ» ብለው መጻፍ አይችሉም። ውስን ቅጂ መሸጥ ከፈለጉ በጥሩ ጥጥ ወረቀት ላይ በፒግመንት ቀለም የሚያትም፣ ጂክሌ የሚባለውን ህትመት የሚሠራ ቤት ፈልገው ሃያ ወይም ሠላሳ ያሳትሙ፣ በእርሳስ ቁጥሩን ጽፈው ይፈርሙ፣ ራሳቸውን ችለው ከፍ ባለ ዋጋ ይሽጡ። ያንኑ ምስል ግን በድረ ገጹ ላይ አይተዉት። ለውስኑ ቅጂ ገንዘቡን የከፈለ ሰው ያንኑ ሥዕል በኩባያ ላይ ቢያገኘው የሚሰማውን ይገምቱ። እኔ የማውቃቸው ደህና ገቢ ያላቸው ሠዓሊዎች ይህን በደንብ ለይተውታል፤ ትናንሾቹ ዕቃዎች ስማቸውን ያዞራሉ፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከተፈረመውና ከዋናው ሥዕል ነው።

ሰው እንዴት ያገኝዎታል? በስምዎ አይደለም። ስምዎን አያውቅም። «ዝምታ ቁጥር 3» የሚል ርዕስ ለኤግዚቢሽን ያምራል፤ በመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ግን ማንም አይጽፈውም። የሚጻፈው «ጭጋግ የለበሰ ተራራ፣ የውሃ ቀለም፣ ሰማያዊና ግራጫ፣ ለመኝታ ክፍል» የመሰለ ነገር ነው። በርዕሱ ላይ የሚታየውን ነገር፣ የተሠራበትን ቁስ፣ ዋናውን ቀለምና የሚሰቀልበትን ቦታ ይጻፉ፤ ግጥማዊውን ስም በመግለጫው ውስጥ ያኑሩት። መለያ ቃላቱ ገዢው በሚፈልግበት ቋንቋ መሆን አለባቸው፤ በትልልቆቹ ገበያዎች ይህ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። የማይመለከት ቃል አይጨምሩ። ድመት የሌለበትን ሥዕል «ድመት» ብሎ ማስቀመጥ ጎብኚ ያመጣል፤ ያ ጎብኚ ሳይገዛ ሲወጣ ግን የፍለጋ ሥርዓቱ ሥዕሉን የማይፈለግ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። የፈረንጆቹ ዓመት ሊያልቅ ሲል የስጦታ ግዢ በኅዳርና በታኅሣሥ ይበዛል፤ ለዚያ የሚሆነውን ከሁለት ከሦስት ወር በፊት ይጫኑ፤ አዲስ ገጽ በፍለጋ ውስጥ ቦታ እስኪይዝ ጊዜ ይወስዳልና።

ከማኅበራዊ መድረኮች አንዱን ይምረጡና በእርሱ ይጽኑ። የግድግዳ ሥዕል ለሚሸጥ ፒንተረስት ይስማማል፤ እዚያ የተለጠፈ ምስል በዚያው ቀን ተረስቶ አይቀርም፣ ሰዎች ከወራት በኋላም እየፈለጉ ያገኙታል። የኢሜይል ዝርዝርም ከአሁኑ ይጀምሩ፤ ዐሥር ሰውም ቢሆን።

መብትን በሚመለከት ሁለት ፍርሃት አለ፤ አንዱ ያለቦታው ነው። ሥዕሉን ስለጫኑ ባለቤትነቱን አያጡም። በታወቁት ድረ ገጾች የሚሰጡት ፈቃድ ከእነርሱ ጋር ብቻ የማያስር፣ ያንኑ ሥዕል ሌላ ቦታም ለመሸጥ የሚያስችል ነው፤ ቢሆንም በሚገቡበት ውል ውስጥ «ብቸኛ» የሚል ቃል አለመኖሩን ያረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ1886 በተፈረመው የበርን ስምምነት መሠረት የቅጂ መብት ያለ ምዝገባ፣ ሥራው እንደተፈጠረ ይገኛል። ዋናውን ሸራ ለሰው ቢሸጡትም፣ በጽሑፍ ካላስተላለፉት በቀር የማሳተም መብቱ ከእርስዎ ጋር ይቆያል። ሠዓሊዎች የማይፈሩት፣ መፍራት የነበረባቸው ግን ሌላ ነው፤ የሌላ ሰው ፎቶ እያዩ የሣሉትን መሸጥ። ፎቶው የሌላ ሰው ከሆነ፣ ከእርሱ የተሠራው ሥዕልም ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። የፊልም ገጸ ባሕርይ፣ የቡድን አርማ፣ የታዋቂ ዘፋኝ ፊት፣ ንግድ ምልክት ሆኖ የተመዘገበ አጭር ሐረግ፤ እነዚህ ሁሉ ችግር ውስጥ ይጥሉዎታል። መጀመሪያ ሥዕሉ ይወርዳል፣ ሲደጋገም አካውንቱ ይዘጋል፣ ያልተከፈለ ገንዘብም አብሮ ሊያዝ ይችላል። የእርስዎን ሥራ ሌላ ሰው ሰርቆ ቢሸጥ ደግሞ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያለው የዲጂታል የቅጂ መብት ሕግ ባስቀመጠው መንገድ፣ በድረ ገጹ የአቤቱታ ቅጽ ያመልክቱ። ሙሉ መጠን ያለውን ፋይል፣ ያልተቆረጠውን ፎቶና የሥራ ሒደቱን ምስሎች ያስቀመጠ ሰው የእርሱ መሆኑን ማስረዳት አይከብደውም።

ገንዘቡ እጅዎ እንዴት እንደሚገባ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ነበረበት። ድረ ገጹ የሚከፍልበት መንገድ፣ ፔይፓል ይሁን ፔዮኒር ወይም ባንክ፣ እርስዎ በሚኖሩበት አገር ገንዘብ መቀበል እንደሚያስችል ያረጋግጡ፤ በአንዳንድ አገር መላክ ተፈቅዶ መቀበል የማይቻልበት ጊዜ አለ። ሬድበብል ሒሳቡ 20 ዶላር እስኪደርስ አይከፍልም፤ ሌሎችም የየራሳቸው ዝቅተኛ መጠን አላቸው። በአሜሪካ ድርጅቶች በኩል የሚሸጡ የውጭ ዜጋ ከሆኑ ዳብሊው 8 ቤን የሚባል ቅጽ ይሞላሉ። ከአሜሪካ የሚመነጭ ሮያሊቲ፣ ማለትም ለሥዕልዎ የሚከፈል ድርሻ፣ አገርዎ የታክስ ስምምነት ከሌለው፣ 30 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። ይህን ዋጋ ሲቆርጡ ያስቡት እንጂ ክፍያ ሲደርስ አይደንግጡበት።

እንግዲህ ዐሥራ ሁለቱ ሥዕሎች በአዲስ ፋይል፣ በተመረጡ ዕቃዎችና በሚፈለግ ርዕስ ከወጡ በኋላ ስድስት ወር ይስጧቸው፤ ድረ ገጹ የሚያሳይዎትን የጎብኚ ቁጥርም ይከታተሉ። ማንም ካላየ ሥራው ርዕሱና መለያ ቃሉ ላይ ነው። ብዙ ሰው አይቶ ካልገዛ ማሳያ ምስሉን፣ ዕቃውን ወይም ዋጋውን ይመርምሩ። አንዷ ሥዕል ብቻ ደጋግማ ከተሸጠች የእርሷን እህቶች ይሣሉ፤ ሁለተኛ ድረ ገጽ ላይ የሚከፍቱትም ያኔ ነው። እንደ ኢንፕሪንት ያሉ፣ ሠዓሊውን መርምረው ብቻ የሚቀበሉ ቦታዎች ላይ ለማመልከትም የሚያሳዩት ጥሩ ስብስብ ይኖርዎታል።

ለዚያ ቀን ዛሬ የሚሠሩት አንድ ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ሥዕል ያልተቆረጠውን ዋና ፋይል፣ ለህትመት የተዘጋጀውን ቅጂ፣ ርዕሱን፣ መግለጫውንና መለያ ቃላቱን በአንድ አቃፊ ውስጥ ያኑሩ፤ ቃላቱን በሠንጠረዥ ይጻፏቸው፣ ሁሉንም በሌላ ዲስክ ላይ ደግመው ያስቀምጡ። አቃፊው ካለዎት ዐሥራ ሁለት ሥዕሎችን ወደ ሌላ ድረ ገጽ ማስገባት ከአንድ ከሰዓት በኋላ የማያልፍ ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ የትኛው እንደሚሻል መልሰው ይጠይቁኝ፣ ቁጥሮቹን ይዘው።